ቆሞ የተመለከተው ጦር

የእንግሊዝ ዘውድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 22 ቀን 1485 በአንድ ጠዋት ውጊያ ባለቤት ቀየረ። ቦታው ቦስዎርዝ ይባላል፤ ከሌስተር ከተማ በስተ ምዕራብ ያለ የእርሻና የረግረግ አገር ነው። ውጊያው ሁልጊዜ የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ሆኖ ይተረካል፤ በአንድ ወገን የ32 ዓመቱ ንጉሥ ሦስተኛው ሪቻርድ፣ በሌላው ወገን ከስደት የተመለሰው የ28 ዓመቱ ሄንሪ ቱዶር። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ከሁለቱም ፈንጠር ብሎ ወደቆመው ሦስተኛ ጦር ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታጥቆ፣ ተሰልፎ፣ ሰንደቁን ተክሎ ቆሟል። ለማን እንደሚዋጋ ግን አልተናገረም።

የወንድማማቾቹ የቶማስና የዊሊያም ስታንሊ ጦር ነው። ቶማስ የሄንሪ እናት የማርጋሬት ቦፎርት ባል ነበር፤ ስለዚህ ለሄንሪ እንጀራ አባቱ ነው። ሪቻርድ ይህን ስለሚያውቅ የቶማስን ልጅ ጆርጅን መያዣ አድርጎ ከራሱ ዘንድ አቆይቶታል። አባት ከተንቀሳቀሰ የልጅ አንገት ይቀላል ማለት ነው።

አንድ ንጉሥ የራሱን መኳንንት ልጅ በመያዣነት ይዞ ወደ ጦር ሜዳ የሚወጣው ምን ቢደርስበት ነው? ለዚህ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በሚያዝያ 1483 ንጉሡ አራተኛው ኤድዋርድ ሞተ። ወራሹ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። አጎቱ ሪቻርድ የልጁ ጠባቂና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነ፤ ለብላቴናውም ታማኝ ሊሆን ማለ። ሰኔ 13 ቀን ግን በለንደን ግንብ በተጠራ የምክር ስብሰባ ላይ የሟቹን ንጉሥ የቅርብ ወዳጅ ሎርድ ሄስቲንግስን አስይዞ ያለ ፍርድ አንገቱን አስቀላ። ቶማስ ስታንሊም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ እሱም ተያዘ፤ በኋላ ተለቀቀ። ከዚያ የወንድሙ ልጆች በሕጋዊ ጋብቻ አልተወለዱም ተባለና ሪቻርድ ሐምሌ 6 ቀን ዘውድ ጫነ። በዚያ በዓል ላይ ቶማስ ስታንሊ በትረ ሹመት ይዞ ተሰልፏል፤ ሚስቱ ማርጋሬት የንግሥቲቱን የቀሚስ ዘርፍ ይዛለች። ብላቴናውና የ9 ዓመት ታናሽ ወንድሙ በግንቡ ውስጥ ቀሩ። ከዚያ ክረምት በኋላ ያያቸው የለም።

ሪቻርድ ጥሩ ሕግ ያወጣ፣ በሰሜኑ አገር የሚወደድ ሰው እንደነበር አውቃለሁ። የዮርክ ከተማ ሹማምንት ከውጊያው ማግስት፣ አሸናፊው ማን እንደሆነ እየታወቀ፣ ሞቱን በሐዘን በመዝገባቸው አስፍረዋል። ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ልጆች በእጁ ነበሩ፤ በሕይወት አሉ የሚለውን ወሬ በአንድ ቀን ሊያረጋግጥ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። የአደራ ልጅን ያልጠበቀ ንጉሥ ከሌላው ሰው መሐላ የመጠየቅ አቅሙን ያኔ አጥቷል። የቦስዎርዝ ሽንፈት የተጀመረው ከዚያ ክረምት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ሄንሪ ነሐሴ 7 ቀን በዌልስ ጠረፍ ወረደ። አብዛኞቹ ፈረንሳውያን የሆኑ ጥቂት ሺህ ወታደሮች ነበሩት፤ በዌልስ ሲያልፍ ሰው እየተጨመረለት መጣ። እንዲያም ሆኖ የንጉሡ ጦር በቁጥር ይበልጠው ነበር፤ መድፍም ነበረው። ሄንሪ ራሱ ጦር መርቶ አያውቅም፤ ውጊያውን የመራለት ልምድ ያለው የኦክስፎርድ ባላባት ነው።

ሲጋጠሙ የንጉሡን የፊት ጦር የሚመራው የኖርፎክ መስፍን ወደቀ። ደጀኑን የያዘው የኖርዘምበርላንድ ባላባት ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከድቶ ነው፣ ረግረጉ ከልክሎት ነው እየተባለ እስከዛሬ ይከራከሩበታል። ስታንሊዎችም እንደቆሙ ናቸው።

በዚህ መሃል ሪቻርድ ሄንሪን ከጥቂት አጃቢዎች ጋር ከሩቅ አየው። መሸሽ ይችል ነበር። እሱ ግን የቤተ መንግሥቱን ፈረሰኞች አስከትሎ በቀጥታ ወደ ባላጋራው ጋለበ። የሄንሪን ሰንደቅ ያዥ ዊሊያም ብራንደንን ገደለ፤ በግዝፈቱ የታወቀውን ጆን ቼኒን ከፈረስ ጣለ። ለሄንሪ የቀረው ርቀት ጥቂት ነበር። የጠሉት ጸሐፊዎች እንኳ ይህን ጀግንነቱን አልካዱትም።

ዊሊያም ስታንሊ የተንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ቀይ የለበሱ ሰዎቹን ይዞ ከጎን ገባና ንጉሡን ከበበው። በ2012 በሌስተር ከመኪና ማቆሚያ ሥር የወጣው የሪቻርድ አጽም የቀረውን ይናገራል፦ ቢያንስ 11 ቁስል፣ ከእነዚህም ዘጠኙ ራስ ቅሉ ላይ። የራስ ቁሩ ከወለቀ በኋላ ነው የጨፈጨፉት። በጦር ሜዳ የሞተ የመጨረሻው የእንግሊዝ ንጉሥ እሱ ነው።

መሀል ሰፋሪው ዘውድ ሰጪ ሆነ። መያዣው ጆርጅ ተረፈ፤ ቶማስ በዚያው ዓመት የደርቢ ባላባት ተብሎ ተሾመ። ሄንሪ ደግሞ ንግሥናውን የቆጠረው ከውጊያው ዋዜማ ከነሐሴ 21 ጀምሮ ነው። በዚህ ቆጠራ ለሪቻርድ፣ ማለትም በዚያ ጠዋት ዘውዱ በእጁ ለነበረው ንጉሣቸው የተዋጉ ሁሉ ከሃዲዎች ሆኑ። በዚህ ድርጊቱ ሄንሪን ይቅር ልለው አልቻልኩም። የታመነን ሰው የሚቀጣ መንግሥት ነገ ማን ይታመንልኛል ብሎ ነው?

መልሱ አሥር ዓመት ሳይሞላ መጣ። ፐርኪን ዋርቤክ የሚባል ወጣት፣ በግንቡ ከጠፉት ልጆች ታናሹ እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ። ዊሊያም ስታንሊ በዚያን ጊዜ የሄንሪ ቤተ መንግሥት ታላቅ ባለሥልጣን፣ በአገሩም ከናጠጡት ሀብታሞች አንዱ ነበር። ከወጣቱ ደጋፊዎች ጋር ተመሳጥሯል ተብሎ ተከሰሰ። ተናገረ የተባለው ቃል አጭር ነው፤ ወጣቱ በእውነት የኤድዋርድ ልጅ ከሆነ ጦር አላነሣበትም የሚል ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለው ያንን ኤድዋርድን ነበርና የጠፉት ልጆች ጉዳይ ከልቡ እንዳልወጣ ከዚህ ይታየኛል።

ዘመኑን ስታነቡ ስለ ሁለቱ ነገሥታት ብቻ አትጠይቁ። የቆሙት እነማን ነበሩ? ለምንስ ቆሙ? ንጉሡ ምን አድርጓቸው ነበር? ብላችሁም ጠይቁ። ሄንሪ ሕይወቱን ያተረፈለትን ዊሊያም ስታንሊን በየካቲት 1495 አንገቱን አስቀላው፤ ርስቱንና ሀብቱንም ለዘውዱ ወረሰው።