ደብዳቤያችሁ ለምን ዘገየ?



የቤት ኪራይ ድጋፍ ማሳደሻ ጊዜ መድረሱን የሚያስታውሳችሁ ደብዳቤ በዚህ ዓመት ከማኅበራችን አምስት ቀን ዘግይቶ ወጣ። አምስት ቀን ትንሽ ይመስላል። ቀኑ ካለፈ ግን ድጋፉ ይቆማል፣ አከራይም ደብዳቤ ዘገየ ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ በማኅበሩ የምንሠራ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች የሆነውን ልንነግራችሁ ይገባል። ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ በቤታችሁ ካለ ይህን አብራችሁ አንብቡ፣ ለእሱም ሳይጠቅመው አይቀርም።

የቤተሰቦቹ ስምና አድራሻ ያለው አክሰስ በተባለ ፕሮግራም በተሠራ አሮጌ ፋይል ውስጥ ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡትም፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም እዚያው ተጽፈዋል። ስሞቹን ከፋይሉ አውጥቶ ደብዳቤ የሚያዘጋጀው ደግሞ ፓይተን በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነው። የጻፈልን የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ ጽፎ ጨርሶ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። ዘንድሮ አዲስ ኮምፒዩተር ገዛን፣ ፓይተንንም ራሳችን ጫንንበት። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ፓይተን ከአክሰስ ፋይል ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል ነገር ይቆማል። ቃሉ ሹፌር ማለት ነው፣ ሥራው ግን የአስተርጓሚ ነው፤ በክሊኒክ በሐኪሙና በእናታችን መካከል ተቀምጣ አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ እንደምትመልሰው ልጅ። አስተርጓሚዎቹን የሚጠራው ሥርዓት ኦዲቢሲ ይባላል፣ በ1992 የወጣ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ድራይቨር በስሙ ይጠራል፣ የድራይቨሮቹ አስተዳዳሪ ከዝርዝሩ ፈልጎ ያመጣለታል።

ፕሮግራሙን ስናስነሳ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት ወጣ። የመረጃው ምንጭ ስም አልተገኘም፣ ድራይቨርም አልተጠቀሰም ይላል። ስም አልተገኘም ስላለን ስም ፍለጋ ገባን። የፋይሉን ስም ለወጥን፣ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርን፣ የይለፍ ቃሉን መረመርን፣ የድራይቨሩን ስም ፊደል በፊደል አየን። ከእኛ መካከል በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስቸግሮን ያለፍን አለን፤ ይህን የመሰለ ግን አልገጠመንም። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ስንወቅጥ ዋልን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ደብዳቤዋን ልትጠይቅ መጣች። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ኮምፒዩተሩ እየመለሰን ነው» አልናት። እሷም ተቀምጣ የራሷን አወራችን። ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። በመጀመሪያው ቀን የመለሳት የበር ጠባቂው ነው። በሁለተኛው ቀን የተሰለፈችበት መስኮት ሌላ ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው የመታወቂያዋ ቅጂ ጎደለ። «ልጆቼ፣ ማን እንደመለሰኝ ካላወቅሁ ምን ይዤ እመለሳለሁ?» አለችን።

እሷ ከሄደች በኋላ መልእክቱን እንደገና አነበብነው። ከዐረፍተ ነገሩ በፊት በቅንፍ ውስጥ የተናጋሪው ስም አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይናችን ዘሎት ነበር። ተናጋሪው የድራይቨሮቹ አስተዳዳሪ ነው እንጂ አክሰስ አይደለም። እንግዲያው ፋይላችን ጋ ጨርሶ አልደረስንም፤ የመለሰን ጠባቂው ነው። የፋይሉን ስም ብንለውጥ ባንለውጥ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፓይተንን የምታያቸውን ድራይቨሮች ዘርዝር አልነው። ለዚህ ፒዋይኦዲቢሲ በተባለው ክፍል ውስጥ ድራይቨርስ የሚል ትእዛዝ አለ፣ አንድ መስመር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አክሰስ የለም። የጫንነው ፓይተን ባለ 64 ቢት ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአሮጌው አክሰስ ፋይል ድራይቨር ደግሞ ባለ 32 ቢት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን ዓይነቶች በሁለት ዝርዝር ለያይቶ ይይዛቸዋል፣ አንዱ የሌላውን አያይም። የሚያስቀው፣ ባለ 64 ቢቱ መቆጣጠሪያ ሲስተም 32 በተባለ ማኅደር ውስጥ ይገኛል፣ ባለ 32 ቢቱ ደግሞ ሲስዋው 64 በተባለው። ስማቸው ከሥራቸው ተገላብጧል። እኛም የተሳሳተውን ከፍተን ለግማሽ ቀን ስናፈጥበት ቆይተናል።

ባለ 32 ቢት ፓይተን ጫንን፣ ፒዋይኦዲቢሲንም ጨመርንበት። ፕሮግራሙን ስናስነሳ ሌላ ስሕተት ወጣ። እልል ልንል ምንም አልቀረንም! በቅንፉ ውስጥ አሁን የተጻፈው የአክሰስ ድራይቨር ስም ነው፣ ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል ይላል። ጠባቂውን አልፈን መስኮቱ ጋ ደርሰናል ማለት ነው። የያዘችው ጸሐፊያችን ነበረች፣ የአንድ ቤተሰብ ስልክ ልታርም ፋይሉን ለብቻዋ ከፍታዋለች። ዘጋችው። ደብዳቤዎቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መታተም ጀመሩ።

ለእማማ ደብዳቤዋን ቤቷ ድረስ ወሰድንላት። ጊዜው ሊያልፍባቸው የተቃረበባቸውን ቤተሰቦችም በስልክ ጠራናቸው፤ ይህንን ግን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብን፣ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስት ደብዳቤዎች ከፖስታ ቤት ተመልሰውልናል፣ ቤተሰቦቹ ቤት ቀይረዋል። ይህ ደግሞ በድራይቨር አይስተካከልም። ቤት ወይም ስልክ የቀየራችሁ ለጸሐፊያችን ንገሩልን። በጠዋት ብትመጡ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ፋይሉን የምንይዘው እኛ ነን።