የተደበቀው ዓምድ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። እውነት በእጁ ያለ ሰው እንኳ አቀራረቡን ካላወቀበት ሊረታ እንደሚችል፣ ናይሮቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ይህ ሰው ዐሥር ዓመት ሙሉ የሠራው ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበር፤ ዳታቤዝ ያደራጃል፣ ሰርቨር ይጠብቃል፣ ሒሳብ ያስታርቃል። የድረ ገጽን መልክ ማስተካከል ግን እንደ ግድግዳ ቀቢ ሥራ እየቆጠረ ንቆት ኖሯል። የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ዕድር አባላቱ የመዋጮ መዝገቡን በስልክ ማየት እንዲችሉ በጠየቀው ጊዜም፣ የጀርባውን ሥራ በጥንቃቄ ሠርቶ የፊቱን በአንድ ሌሊት ለጣጥፎ አስረከበ። ሰንጠረዡ ከስልኩ ስክሪን ሰፍቶ ወደ ጎን መንሸራተቱ ስላስጠላው፣ ተርፎ የሚወጣውን የሚደብቅ አንድ የሲኤስኤስ ትእዛዝ ከሌላ ሥራ ቀድቶ ጨመረበት። የተደበቀው ግን «ተከፍሏል» የሚለው የመጨረሻው ዓምድ ነበር።

አንዲት በዕድሜ የገፉ የዕድሩ አባል ከስማቸው ትይዩ «የሦስት ወር መዋጮ፣ 3,000 ሽልንግ» የሚል ብቻ ተጽፎ አዩ። በዕድሩ ደንብ ደግሞ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ከፍለው ሳለ ባለዕዳ የሆኑ መሰላቸው፤ «የከፈልሁት ወዴት ሄደ?» ብሎ መጠየቁንም ነውር አደረጉት። በዚያው ሳምንት የጎረቤታቸው ልቅሶ ሲሆን፣ «ተሰርዛ መጣች» እንዳይባሉ ፈርተው ከቤታቸው ሳይወጡ ቀሩ።

ወሬው ሲደርሰው ፕሮግራመሩ መጀመሪያ የመለሰው፣ «ዳታው እኮ ትክክል ነው» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ትክክል ነበር። እኚያ እናት ግን ዳታቤዙን አያዩትም፤ የሚያዩት በመዳፋቸው ያለችውን ስክሪን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሲኤስኤስን ከሀ ሁ ጀመረ። የለመደው ዓለም ሲሳሳቱበት የሚጮኽ ነበር፤ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ስሕተቱ ያለበትን መስመር ይናገራል። እዚህ ግን ብራውዘሩ ያልገባውን ትእዛዝ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ወርዱ 300 ፒክሰል ይሁን ያለው ሳጥን፣ በግራና በቀኝ ሃያ ሃያ የውስጥ ክፍተትና አንድ አንድ ፒክሰል ጠርዝ ሲጨመርበት 342 ሆኖ ይገኛል። ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይሽራል ብሎ ሲጠብቅ፣ ነገሩን ይበልጥ ለይቶ የሚጠራው የፊተኛው ትእዛዝ ጸንቶ ይቀራል። ስንት ሌሊት ተናደደ!

ንዴቱን ያበረደለት የሲኤስኤስን አመጣጥ ማወቁ ነው። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ የገጹ ሠሪ ፍላጎትና የአንባቢው ፍላጎት በአንድነት እንዲታዩ አስቦ ነበር። ማሽን ሲያዝ የኖረው ሰው እዚህ ላይ ቆም አለ። ለካ ገጹ ለማያውቀው ስክሪንና ለማያውቀው ዓይን የሚቀርብ ነው፤ ተቀባዩም ድርሻ አለው።

ስለዚህ የፊደሉን መጠን በፒክሰል ቸንክሮ ማስቀመጡን ትቶ፣ አንባቢው በብራውዘሩ የመረጠውን መጠን በሚከተለው በሬም ለካው። ፈዛዛውን ግራጫ ጽሑፍ አጠቆረ። በጠባብ ስክሪን ላይ ሰንጠረዡ ተፈትቶ እያንዳንዱ አባል የየራሱ ሳጥን እንዲኖረው፣ «ተከፍሏል» የሚለውም ከስሙ ሥር እንዲቆም አደረገ።

እሑድ ዕለት ወደ እኚያ እናት ቤት ሄደ። «እትዬ፣ እስኪ ይመልከቱልኝ» ብሎ ስልኩን አቀበላቸው። ቀስ ብለው አነበቡ።

«ልጄ፣ ይኼ ቃል ያን ጊዜም ነበረ?»

«ነበረ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅኸኝ?»

መልስ አልነበረውም። ልቅሶውም አልፏል።