ገዢ ያጣ ሀብት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በባዶ ተስፋ ለሚኖር ሰው ነው። ነገር ግን ላሟ እውነተኛ፣ ባለቤትነቷም በሰነድ የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ፣ ወተቷ በሚያስፈልግበት ቀን የማይገኝበት ጊዜ አለ። አክሲዮን እንዲህ ያለ ሀብት ሊሆን ይችላል።

ካርቱም ውስጥ፣ የጡብ ምድጃዎች በጥቁር ዓባይ ዳር በተደረደሩበት በጀሪፍ፣ ለብዙ ዓመታት የኖረች አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ሰው ቤት ተቀጥራ ካጠራቀመችው ገንዘብ በወንድሟ በኩል የአንድ የግል ባንክ አክሲዮን ገዛች። ባንኩ ካፒታሉን ባሳደገ ቁጥር ነባር ባለአክሲዮኖች አዲሱን አክሲዮን በቅድሚያ የመግዛት መብት ነበራቸው። መብቱ ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ መብቱም ያልፋል። እርሷም እንዳያልፋት እየሰጋች ያገኘችውን ሁሉ ትልክ ነበር። በእጇ የቀረ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሴትዮዋ በገዳሪፍ አድርጋ መተማ ስትደርስ የያዘችው አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር። ለወንድሟ ደውላ፣ «አክሲዮኑን ሽጥልኝ» አለችው።

«እታለም፣ መሸጡንስ እሸጠው ነበር፤ ገዢው ማን ነው?» ሲል መለሰላት።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የአክሲዮን መገበያያ ስላልነበረ፣ ሻጭ በዘመድ፣ በደላላ ወይም በጋዜጣ ማስታወቂያ ገዢ ያፈላልግ ነበር። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ እንዲል በማዘዙ፣ በርካታ ባንኮች ራሳቸው አዲስ አክሲዮን ይሸጡ ነበር። ከባንኩ በቀጥታ መግዛት የሚችል ሰው ደግሞ፣ ከማያውቀው ሻጭ ለመግዛት ቅናሽ ይጠይቃል። ከሳምንታት ፍለጋ በኋላ የተገኘው ብቸኛ ገዢም በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በታች ሰጠ። ወንድሟ «እንታገሥ» ቢላትም፣ የቤት ኪራይ የሚታገሥ አልሆነምና ሲሶውን ሸጠች።

ይህ ችግር የድሀ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አዳዲስ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ኦፕሽን ይሰጣሉ፤ ይኸውም አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ብዙ ጊዜ በ90 ቀን ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ከፍሎ ቢገዛም ኩባንያው በገበያ ያልተመዘገበ ከሆነ አክሲዮኑን የሚረከበው ሰው ላያገኝ ይችላል። በወረቀት ባለጠጋ የሆነ ሰው በኪሱ ባዶ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሲከፈት፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ገበያ ሻጭንና ገዢን ያገናኛል እንጂ ገዢን አይፈጥርም።

በሰው አገር የሚኖር ሠራተኛ ሀብቱን በአክሲዮን ማኖሩ የሚነቀፍ አይደለም። ሴትዮዋ ጀሪፍ ትታው የመጣችው የቤት ዕቃ ሲቀር፣ በባንኩ መዝገብ የተጻፈው ስሟ አልጠፋም፤ የቀረው ድርሻም ዛሬም የእርሷ ነው። ነገር ግን አክሲዮን የሚገዛ ሰው «ስንት ያተርፋል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ «በቸገረኝ ቀን ማን ይገዛኛል?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባል። መልሱ እስኪገኝ ድረስ ለመንገድና ለጥቂት ወራት ኪራይ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ።