ባለቤት የሌለው አፕዴት

ቪሴንተር የከፈተ አድሚን ሁሉ ያቺን ማስጠንቀቂያ ያውቃታል፤ አዲስ የቪኤምዌር ቱልስ ቨርዥን አለ የምትለዋን። ዓይናችን ስለለመዳት ብትኖርም ባትኖርም አንድ ሆናለች። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ተጠቃሚው አልጮኸም፣ ታዲያ ማን ይነካካዋል?

ብዙዎች ስንፍና ነው ይላሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። ቱልስ ባለቤት የለውም። የቨርቹዋላይዜሽን ክፍሉ «የእኛ ድርሻ ሆስቱ ነው፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ያለው አይመለከተንም» ይላል። የዊንዶውሱ ሰው ደግሞ ወርሃዊ አፕዴቱን ጭኖ ጨርሷል። አፕሊኬሽኑን የያዙትማ ቱልስ የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰሙም። ባለቤት ባለበት ቦታ እኮ ይህ ጣጣ የለም፦ ሃይፐር-ቪ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ወዲህ የራሱን አቻ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ያድሳል፤ ሊኑክስም ላይ ኦፕን-ቪኤም-ቱልስ ከሌሎቹ ፓኬጆች ጋር አብሮ ይታደሳል።

«ቢዘገይስ ምን ይመጣል?» ለሚል፣ ሰኔ 2023 የወጣውን ሲቪኢ-2023-20867 ማየት ይበቃል። ማንዲያንት ዩኤንሲ3886 ብሎ የሰየመው የስለላ ቡድን ኢኤስኤክስአይ ሆስቱን አስቀድሞ ይይዝና፣ በቱልስ ቀዳዳ ገብቶ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ውስጥ ያሻውን ትዕዛዝ ያስፈጽም ነበር። የጌስቱን ፓስዎርድ አይጠየቅም፤ ጌስቱም ላይ የሎግ ምልክት አይቀርም። የክብደት ነጥቡ ስንት ነበር? 3.9፣ ማለትም «ዝቅተኛ»። ከ7 በላይ የሆነውን ብቻ እየመረጠ የሚጭን ቢሮ አላየውም ማለት ነው።

ይህን ሰምቶ ደግሞ «አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ልጫን» ብሎ የሚነሳ አለ። በሪሞት ዴስክቶፕ ከገባህ እባክህ አታድርገው! የቪኤምኤክስኔት3 ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር የመጣው ከራሱ ከቱልስ ጋር ነው። እሱን ስታነሳ ስክሪንህ ባለበት ይደርቃል፣ ፒንግ ዝም ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለህ መንገድ የቪሴንተር ኮንሶል ብቻ ነው። መልሰህ ስትጭን ዊንዶውስ ካርዱን እንደ አዲስ ቆጥሮት ዲኤችሲፒ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። የድሮውን አይፒ ስትጽፍ «ይህ አድራሻ ለሌላ አዳፕተር ተሰጥቷል» ይልሃል። የትኛው ሌላ? ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የተደበቁትን አሳይ ብትለው፣ የሞተው ካርድ ደብዝዞ እዚያው ተቀምጧል። እሱን ማጥፋት ነው። በላዩ ላይ ማሳደግ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እሱም ቢሆን ኔትወርኩን ለጥቂት ሰከንድ ሊቆርጥ፣ ሪስታርትም ሊጠይቅ ስለሚችል ዳታቤዝ ክላስተር ላይ በቀን አይሞከርም።

ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቱልስን በራሱ ፈትሾ የሚያሳድገው ምርጫስ? ሰነፍ አያሰኝም፣ ጥሩ ነገር ነው። እኛ አገር ግን መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ካለቀ፣ ጄኔሬተሩም ካልተነሳ፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም ማሽን ባንድ ጊዜ ይነሳል። ዶሜይን ኮንትሮለሩም ዳታቤዙም ሰው ሁሉ ስልክ በሚደውልበት በዚያች ሰዓት ቱልስ ልጫን ሲሉ አስቡት። ለሙከራ ማሽኖች ይሁን፣ ለዋናዎቹ ግን በእጅ።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ቱልስ በወርሃዊው የፓች ሌሊት ዝርዝር ውስጥ ይግባ፣ ፓቹን የሚጭነው ሰው እሱንም ይጫን። ስናፕሾት ይያዝ፣ ሥራው መስተካከሉ ሲረጋገጥ ይጥፋ። የቨርቹዋል ሃርድዌር ቨርዥን ማሳደግ የሚከተለው ከቱልስ በኋላ ነው፣ ያውም ምክንያት ካለ። ጥግ ላይ የተረሳች ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ያለችው ደግሞ አይልፋ። ለእሷ የመጨረሻው ቱልስ 10.0.12 ነው፤ ዝርዝሩ ላይ «አትታደስም» ተብሎ ይጻፍባትና ለብቻዋ ቪላን ውስጥ ትቀመጥ።