የሐሞትና የቆሽት በር

ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ የሚወጡት በአንድ በር ነው። አማርኛ ድፍረትን ሐሞት ላይ፣ ንዴትን ቆሽት ላይ ሲያኖር የሁለቱን ጉርብትና ያወቀ አይመስልም፤ ወይም አሳምሮ ያውቃል። ከጉበትና ከቆሽት የሚወርዱት ቱቦዎች ትንሹ አንጀት ደፍ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ እንደ ቀለበት የሚከባቸው፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጡንቻ አለ፤ የኦዲ ጡንቻ ይባላል።

ሥራው የዘበኛ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ይጨብጣል፤ መውጫ ያጣው ሐሞት ወደ ኋላ ተመልሶ የሐሞት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይወፍራል። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ፣ 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ክትፎ በጣባ ሲቀርብለት፣ ቅቤው አንጀት እንደደረሰ ኮሌሲስቶኪኒን የተባለ ሆርሞን ከአንጀቱ ግድግዳ ወደ ደም ይገባል። ይኸው ሆርሞን ከረጢቱን ያኮማትራል፣ ዘበኛውን ያላላል። «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚባለው ሰው እንግዲህ፣ በሐኪም ዓይን፣ ደኅና አድርጎ የገደፈ ሰው ነው።

የሐሞት ከረጢት ከጀግንነት ጋር ዝምድና እንደሌለው ፈረስ ምስክር ነው። ፈረስ ከረጢቱ የለውም፤ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያሰኙት ፈረሶች ጦር ሜዳ የዋሉት የሐሞት ከረጢት ሳይኖራቸው ነው። ግመልም የለውም፣ አህያም የላትም። በግ ግን ሙሉ ከረጢት ይዞ ነው የሚታረደው፤ ሐሞተ ኮስታራ በግ አለ ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም።

የጡንቻው ስም የጣሊያናዊው የሩጄሮ ኦዲ ነው፤ በ1887 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ፔሩጂያ ውስጥ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ገለጸው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ግሊሰን ግን ቀለበታዊውን ጡንቻ በ1654 ጽፎታል። 233 ዓመት ቀላል ቅድሚያ አይደለም፤ ሆኖም ግሊሰን የጉበት ሽፋን በስሙ ስለተጠራለት በካሳ ረገድ አልተጎዳም። ኦዲ ደግሞ ጡንቻውን በማየት አልቆመም፤ የሚቋቋመውን ግፊት ለካ። ፍርዱ ለኦዲ ቢሆን አያስከፋም፣ በተለይ መጨረሻው ሲታሰብ። ጄኖዋ ላይ ያገኘውን የኃላፊነት ወንበር በ1900 አጣ፤ ምክንያቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስና የገንዘብ ጉድለት ነው ይባላል። ከዚያ በሐኪምነት ኮንጎ ወረደ፣ በ1913 ቱኒዚያ ውስጥ ሞተ። ከአደንዛዦቹ አንዱ፣ ሞርፊን፣ ይህንኑ ጡንቻ አጥብቆ እንደሚያስጨብጠው ዛሬ ይታወቃል።

በሩን ከውስጥ ያንኳኩት ዋሽንግተን ላይ ነው። በ1968 የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ዊልያም መኩን በአፍ የገባ መመልከቻ ይዘው፣ ሆድ ሳይቀደድ፣ ቀጭን ቱቦ በዚህ ቀዳዳ ማስገባታቸውን አሳወቁ። ሰፈሩ ፎጊ ቦተም ነው፤ ዛሬ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ፣ በሰማያዊው መስመር ባቡር ሳይቀይሩ ይደርሱበታል። ያኔ ሜትሮውም አልነበረም።

ዘበኛው የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጠባሳ ነው፤ ጠጠር ሲያልፍበት ወይም ሲቆጣ ይጠብና አይላላም። ሌላው ያለ ጠባሳ ያለጊዜው መጨበጥ ነው። ሕመሙ በላይኛው ሆድ፣ ከምግብ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚገጥመውም የሐሞት ከረጢታቸው የወጣላቸውን ሰዎች ነው። የጋራው መውጫ በጠጠር ሲዘጋ የቆሽት ፈሳሽ እዚያው ይታገድና ቆሽትን ራሱን ይፈጨዋል። ያን ጊዜ «ቆሽቴ አረረ» ማለት ዘይቤ አይደለም።

ለዓመታት መፍትሔው ጡንቻውን መሰንጠቅ ነበር። ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት የሆነው የቤተዝዳው ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የሰጠበት፣ በ2014 የወጣ ጥናት፣ ከረጢታቸው ወጥቶ ሕመሙ ያልተዋቸውን፣ በምስልና በደም ምርመራ ግን ይህ ነው የሚባል ችግር ያልተገኘባቸውን 214 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። 141ዱ ተሰነጠቀላቸው፤ 73ቱ ተኝተው መመልከቻው ገባላቸው እንጂ ጡንቻው አልተሰነጠቀም። ከዓመት በኋላ ተሻላቸው የተባሉት ከተሰነጠቀላቸው 23 በመቶ፣ ካልተሰነጠቀላቸው 37 በመቶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ምላጩ በምርመራ መጥበቡ ለታየ በር ይቀመጣል፤ ሕመም ብቻ ላለባቸው ሰዎች ግን አይመከርም።