ሠረቀ እና ሰረቀ

ሠረቀ ብርሃን የሚለው ስም በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ «ብርሃን ወጣ» ማለት ነው። በእሳቱ «ሰ» ከተጻፈ ግን ባለስሙን ብርሃን ሰራቂ ያደርገዋል። ከንፋስ መውጫ ገበያ እስከ ስማዳ ቆላ ቢጠየቅ፣ ሁለቱን ፊደላት በድምፅ የሚለይ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ልዩነታቸውን የሚያውቀው ዐይን ብቻ ነው።

የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ባለበት በጋይንት ምድር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በእጁ የሚገለብጥ ደቀ መዝሙር አንዷን ፊደል ቢያሳስት ዜማው አይዛባም፤ የሚዛባው ምሥጢሩ ነው። እመቤታችንን «ሰአሊ» ስንላት ለምኝልን ማለታችን ነው፤ ሠዓሊ ግን ሥዕል የሚሥል ነው። መምህር የተገኘው ከመሀረ፣ ማለት ከአስተማረ ሲሆን ምሕረት ከመሐረ፣ ይቅር ከማለት ነው። አመት ደግሞ በግእዝ ገረድ ናት። አመተ ማርያም የተባሉ እናቶቻችን የማርያም አገልጋይ መባላቸው ነው። እንግዲህ በየመስከረሙ «መልካም አዲስ አመት» እያልን ስንጻጻፍ፣ በግእዙ ሚዛን ምን እየተመራረቅን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ!

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ጆሮ የማይለየውን ሕፃን ልጅ በቃሉ እንዲይዝ ማስገደድ ድካም ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። የደስታን መጽሐፍ የመጀመሪያ ፊደል ልብ ይሏል፦ ቃሉ ከግእዙ ሐዲስ መወለዱን ለማስታወስ በዐይኑ «ዐ» ተጽፏል። እኔ በበኩሌ ለገበያ ደብዳቤ አንዱ «ሰ» ይበቃል እላለሁ። በሰው ስም ላይ ግን እጄን አላነሣም፤ ስም ያወጣው አባት ትርጉሙን አስቦ ነውና።

ደግሞስ የአማርኛው ትልቁ መደናገር ከሞክሼዎቹ ነውን? «ሰፊ አለ» የሚል ጽሑፍ በአንድ በር ላይ ብናነብ፣ ሰፊው ሲጠብቅ የተንጣለለ ነገር፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። አለም ጠብቆ መኖርን፣ ላልቶ መናገርን ይገልጻል። ሁለት ቃል፣ አራት ንባብ! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረው ነበር። ተከታይ ግን እምብዛም አላገኙም።