«አንሄድም» የማለት መብት የማን ነው?

ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሚሄድበት ብርድ አንዲት ሴት ሻንጣዋን ይዛ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና «እህቴ፣ ዛሬ አንኮበር አንሄድም» አላት።

«ለምን?»

«መናኸሪያ ደርሼ መጣሁ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ከዚያ የመጣ መኪና የለም። የማውቃቸው ሹፌሮችም ስልክ አያነሱም። እስኪጣራ እንቆይ።»

ሴትየዋ ከአሜሪካ የመጣችው 80 ዓመት ያለፋቸውን አባቷን ይዛ ነው። አዛውንቱ የተወለዱት ከአንኮበር ቁልቁል፣ በአልዩ አምባ በኩል ባለች መንደር ነው። እናታቸው የተቀበሩትም እዚያው ነው። ጉዞው ሦስት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው ደብረ ብርሃን አደሩ። በሁለተኛው አንኮበር ወጥተው የቤተ መንግሥቱን ቦታ አይተው ወደ መንደሩ ሊወርዱ፣ በሦስተኛው አዲስ አበባ ተመልሰው ሌሊቱን አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው። አንድም ትርፍ ቀን የለም።

እሷ የለመደችው የመኪና ኪራይ ሌላ ነው። በስልክ መኪና ትመርጣለህ፣ በካርድ ትከፍላለህ፣ ቁልፍ ተቀብለህ ትሄዳለህ። እዚህ ግን መኪናው የሚከራየው ከነሹፌሩ ነው። ቀብድ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ የሹፌር ውሎ አበል አለ። እሷም ሞኝ አልነበረችም። በርካሽ የቀረበላትን ኮድ 2 መኪና «የቤት መኪና ለኪራይ ወጥቶ አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ አይከፍልም» ብላ ትታ ኮድ 3 ያዘች። ሊብሬውን አየች። ሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው ሌላው ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት እንጂ የመኪናውን እንዳልሆነ ስለምታውቅ ሙሉ ኢንሹራንስ መኖሩን ጠየቀች። ነዳጁ በማን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀመጠች። ያልጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹፌሩ «አንሄድም» ቢልስ?

ለመኪናው ባለቤት ደወለች። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሆኖ «የተከፈለበት ጉዞ ነው፣ ንዳ» አለው። ሹፌሩ አልነዳም። እሷ ደግሞ ሰውዬው አበል የሚበላበት ቀን ሊጨምር መሰላት፤ ፊት ለፊትም ነገረችው። ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ የተቀመጡት አባቷ በሩን ከፍተው «ተይው ልጄ፣ የመንገድ ሰው አይገፋም» አሏት።

አዛውንቱ እንዲህ ያሉት ያደጉበትን አገር ስለሚያውቁ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመንም ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ የሚከራየው እንስሳውን ብቻ አልነበረም። ከታጁራ የሚነሳው ነጋዴ በረሃውን የሚያቋርጠው ግመሉን ከነባለቤቱ፣ ከነመንገድ መሪው ተከራይቶ ነው። ግመል ዳገቱን ስለማይደፍር ጭነቱ ከተራራው ግርጌ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ ይዞራል፤ ሌላ ኪራይ፣ ሌላ ድርድር ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ሲነሳ ታጁራ ላይ ወራት ቆሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 1886 ተንቀሳቀሰ። አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። ምኒልክ ግን አንኮበር አልነበሩም፤ እንጦጦ ድረስ መከተል ግድ ሆነበት። ያም ሁሉ ደክሞ የሸጠው ባሰበው ዋጋ አልነበረም።

የዛሬው መንገድ የጠጠርና የዳገት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ካርታ ላይ ያለው መስመር ይህን አይናገርም። የሚናገረው መናኸሪያ ቆሞ ከዚያ የመጣውን የአይሱዙ ሹፌር የሚጠይቅ ሰው ነው።

ታዲያ ሹፌሩ ልክ ሆኖ ተገኘ ወይ? አልተገኘም። የዚያን ዕለት ማምሻውን ከአንኮበር ሚኒባስ በሰላም ገባ። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሡ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው አንኮበር ሲደርሱ ጉም ነበር። ለአውሮፕላኑ መድረስ ስላለባቸው ወደ መንደሩ የሚያወርድ ጊዜ አልነበረም። አዛውንቱ ከገደሉ አፋፍ ላይ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ቆሙ። ጉሙ ለትንሽ ደቂቃ ሲገለጥ ቆላው ታየ። በከዘራቸው ወደ አንድ ቦታ ጠቁመው «እዚያ ጋ ነው» አሉ። ቀና ብለው አማተቡና ወደ መኪናው ተመለሱ። መቃብሩን አልሳሙም። ምናልባትም ከእንግዲህ አይስሙትም።

አዲስ አበባ ሲገቡ ባለቤቱ ሂሳብ አደረገ። የቆመውን ቀን ኪራይ ለሴትየዋ መለሰላት፤ ገንዘቡን ግን ከሹፌሩ ክፍያ ላይ ቆረጠ። እሷ ይህን የሰማችው አየር ማረፊያ ደርሳ ሹፌሩን ስትሰናበት ነው። የተመለሰላትን ብር በእጁ አስጨበጠችው። እሷ ብትከፍለውም ትምህርቱን ግን ተምሯል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራጠር ዝም ብሎ ይነዳል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሹፌር ከነመኪናው የምንከራየው መንገዱን ስለሚያውቅ ነው እንላለን፤ እውቀቱ ከፕሮግራማችን ጋር ሲጋጭ ግን እንቀጣዋለን። እርግጥ ነው፣ ቀን ለማብዛት ሰበብ የሚፈጥር ሹፌርም አለ። መድኃኒቱ ግን ሰውየውን ማስፈራራት አይደለም። ውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ ሹፌሩ ለደኅንነት ሲል ባቆመበት ቀን አበሉን ብቻ ያገኛል፤ የመኪናውን ኪራይ ባለቤቱና ተከራዩ እኩል ይካፈሉታል። ያኔ ማንም በመቆም አያተርፍም፣ ማንም በመቆም ብቻውን አይከስርም።

ሁለተኛው መድኃኒት የተከራዩ ነው። ሦስት ቀን ካለህ የሁለት ቀን ጉዞ አቅድ። የዚያች ሴት አባት መቃብሩን ሳይስሙ የተመለሱት ሹፌሩ አንድ ቀን ስለተጠነቀቀ ብቻ አይደለም። ሊጠነቀቅበት የሚችል ቀን ስላልተተወለትም ነው።